ቤተ ሳይዳ ወዴት ነበረች?
(ለሳምንቱ ጥናት የተዘጋጀ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚያን ዕለት የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት በደዌ ተይዞ የኖረውን ሰው ታሪክ ይነግረናል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ሰው ተኝቶባት የነበረችው መጠመቂያ ስሟ ቤተ ሳይዳ ነው። ስለዚህም ከመካከላችን ብዙዎቻችን «ቤተ ሳይዳ» የሚለውን ስም ስንሰማ ወዲያው ትዝ የሚለን ያች አምስት መመላለሻ ያላት የኢየሩሳሌም መጠመቂያ ናት። ነገር ግን በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ቦታ አለች። እርስዋም በገሊላ ባሕር አጠገብ የነበረች ከተማ ናት። ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ቅዱስ እንድርያስና ቅዱስ ፊልጶስ የወጡት ከእርስዋ ነው። ጌታችን ዕውሩን ያዳነው በእርስዋ አጠገብ ነው። «ወዮልሽ» ብሎ የገሠጻትም እርስዋን ነው።

ይህች ከተማ ወዴት ነበረች? ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ ከተከራከሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ክርክሩ ምን እንደ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ወገን የቀረበው ማስረጃ ምን ያህል ክብደት እንዳለው፣ በመጨረሻም ለእኛ ለወጣቶች ምን እንደሚያስተምረን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1ኛ/ ስለ ስሙ

ቤተ ሳይዳ የሚለው ቃል በዕብራይስጥና በአራማይክ «የአዳኝ ቤት» ወይም «የዓሣ አጥማጅ ቤት» ማለት ነው። ለዓሣ አጥማጆች መንደር የሚስማማ ስም ነው። የኢየሩሳሌሟ መጠመቂያ ስም ግን በጥንት የግሪክ የእጅ ጽሑፎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቫቲካኑ ብራና «ቤተ ሳይዳ» ሲል፣ ሌሎች ቅጂዎች ደግሞ «ቤቴስዳ» ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ስም ይሰጧታል። የእኛ መጽሐፍ የተከተለው የመጀመሪያውን ንባብ ነው። እንግዲህ የስሙ መመሳሰል እንዳያሳስተን ያስፈልጋል። መጠመቂያይቱ በይሁዳ፣ በኢየሩሳሌም ከተማ ውስጥ ናት። ከተማይቱ ግን ከዚያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ርቃ፣ የዮርዳኖስ ወንዝ ወደ ገሊላ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የነበረች ናት። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ከተማይቱ ብቻ ነው።

2ኛ/ ጥንታውያን መጻሕፍት ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ ወንጌልን እንጠይቅ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ፊልጶስ ከእንድርያስና ከጴጥሮስ ከተማ ከቤተ ሳይዳ እንደ ነበረ ይናገራል። ምዕራፍ 12 ደግሞ ፊልጶስን «በገሊላ ካለች ከቤተ ሳይዳ» የመጣ መሆኑን ያስታውሰናል። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የዕውሩን ታሪክ ሲናገር ቦታይቱን «መንደር» ይላታል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ አምስቱ ሺህ ሰዎች ከመመገባቸው በፊት ጌታችን ከሐዋርያት ጋር ፈቀቅ ያለው «ከተማ» ወደምትባለው ወደ ቤተ ሳይዳ እንደ ነበረ ይገልጻል። አንዱ መንደር ሌላው ከተማ ማለቱ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል።

ለዚህ መልስ የሚሰጠን የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዩስ ዮሴፍ ነው። ይህ ሰው በ1ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሲሆን፣ ታሪኩን የጻፈው በግሪክኛ ነው። በአገራችን «ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን» ወይም «ዜና አይሁድ» እየተባለ የሚታወቀው መጽሐፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ከእርሱ ታሪክ ተውጣጥቶ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ አድርገን ማየት አይገባንም። ፍላቪዩስ ዮሴፍ እንደሚለው፣ የታላቁ ሄሮድስ ልጅ የሆነው ፊልጶስ በጌንሴሬጥ ባሕር አጠገብ የነበረችውን የቤተ ሳይዳን መንደር ሕዝብዋን አብዝቶ፣ ወደ ከተማ ማዕርግ ከፍ አድርጎ በንጉሣውያን ቤተ ሰብ ስም «ዩልያስ» ብሎ ሰየማት። ይህ ፊልጶስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የኢጡርያስና የጥራኮኒዶስ አገር ገዥ የተባለው ነው። ስያሜው ለአውግስጦስ ቄሣር ልጅ ለዩልያ ክብር እንደ ተሰጠ ጸሐፊው ይናገራል። ብዙ የዛሬ ሊቃውንት ግን ለአውግስጦስ ሚስት ለሊቪያ መሆን አለበት ይላሉ። እርስዋም በኋላ ዩልያ ተብላ ነበርና። ፊልጶስ ራሱ የሞተው በዚህችው በዩልያስ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መንደር የነበረችው ከተማ ተብላለችና ማርቆስም ሉቃስም እንደ ዘመኑ አነጋገር በትክክል ተናግረዋል።

ፍላቪዩስ ዮሴፍ አካባቢውን በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አይሁድ በሮማውያን ላይ በተነሡ ጊዜ በገሊላ የጦር አዛዥ ነበር፤ በዩልያስም አጠገብ ተዋግቷል። በዚያ ውጊያ ፈረሱ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ስለ ወደቀበት እጁ ተጎድቶ ወደ ቅፍርናሆም ተወስዷል። በሌላም ስፍራ የዮርዳኖስ ወንዝ በዩልያስ በኩል አልፎ ወደ ባሕሩ እንደሚገባ ይናገራል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ዩልያስን ከባሕሩ በስተ ምሥራቅ ካሉት ከተሞች ጋር ቆጥሯታል።

ስለዚህ ከጽሑፍ ያገኘናቸው ምልክቶች አራት ናቸው። እነርሱም፦ ባሕር አለ፤ የዮርዳኖስ ወንዝ አለ፤ ረግረግ አለ፤ በሮማውያን ዘመን ወደ ከተማነት ያደገ መንደር አለ። ቦታውን የሚፈልግ ሰው እነዚህን አራቱን ይዞ መውጣት አለበት።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዩልያስ ከዮርዳኖስ በስተ ምሥራቅ፣ በጎላን አገር ከነበረች ወንጌላዊው ዮሐንስ ስለ ምን «በገሊላ ያለች» አላት? ይህን ለመፍታት ሆላንዳዊው ሊቅ አድሪያን ሬላንድ በ1714 ሁለት ቤተ ሳይዳዎች ነበሩ፤ አንዲቱ በምዕራብ፣ ሁለተኛይቱ በምሥራቅ የሚል አሳብ አቀረበ። ብዙ ሰዎችም ለረዥም ጊዜ ይህን ተከትለዋል። ነገር ግን ይህ መፍትሔ የግድ አያስፈልግም። ፍላቪዩስ ዮሴፍ ግብርን በመቃወም የተነሣውን ይሁዳን አንድ ጊዜ «የጎላን ሰው»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ገሊላዊ» ይለዋል። ከዚህ እንደምንረዳው በዘመኑ ሰዎች አነጋገር ገሊላ የሚለው ስም አንዳንድ ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ በባሕሩ ዙሪያ ያሉትን የአይሁድ መንደሮችም ይጠቀልል ነበር።

3ኛ/ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ፦ ኤት ቴል

በ1838 አሜሪካዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ኤድዋርድ ሮቢንሰን አገሩን እየዞረ ሲመረምር፣ ከዮርዳኖስ በስተ ምሥራቅ ያለውን ትልቅ የፍርስራሽ ጉብታ አይቶ ቤተ ሳይዳ ይህ ነው አለ። ቦታው በዓረብኛ ኤት ቴል ይባላል፤ ትርጉሙም «ጉብታው» ማለት ነው። ስፋቱ ስምንት ሄክታር ያህል ነው። ሆኖም ከዛሬው የባሕር ዳርቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

በ1880ዎቹ የጎላንን አገር የለካው መሐንዲስ ጎትሊብ ሹማኸር በዚህ ርቀት ላይ ጥያቄ አነሣ። ዓሣ አጥማጅ መረቡንና ጀልባውን ትቶ ከባሕሩ ይህን ያህል ርቆ አይቀመጥም አለ። ስለዚህም በባሕሩ ዳር ኤል አራጅ ወደሚባለው ትንሽ የፍርስራሽ ቦታ አመለከተ። ክርክሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቆየ።

በ1987 እስራኤላዊው የአርኪዎሎጂ ሊቅ ራሚ አራቭ በሁለቱም ቦታ የመሞከሪያ ቁፋሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ በኤል አራጅ ያገኘው የባይዛንታይን ዘመን ቅሪት ብቻ ስለ ነበር፣ የሐዋርያት ቤተ ሳይዳ ኤት ቴል ናት ወደሚል ውሳኔ ደረሰ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በኤት ቴል ሰፊ ቁፋሮ ተካሄደ፤ ምልክትም ቆመበት፤ መንፈሳውያን ተጓዦችም ቤተ ሳይዳን ለመሳለም ወደዚያ ይሄዱ ጀመር።

ከጉብታው ውስጥ የወጣው ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረ ታላቅ የከተማ በር፣ ስድስት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅጥር፣ በበሩ አጠገብ የመሥዋዕት ቦታ፣ በዚያም የበሬ ራስ ያለው ጣዖት የተቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት ተገኝቷል። ይህች ከተማ የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር አገሩን በወረረ ጊዜ፣ በ732 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ጠፍታለች። ብዙ ሊቃውንት የጌሹር መንግሥት ዋና ከተማ ናት ብለው ያምናሉ። ጌሹር በመጽሐፈ ሳሙኤል የታወቀች ናት። የንጉሥ ዳዊት ሚስት መዓካ የጌሹር ንጉሥ የተልማይ ልጅ ነበረች። ልጅዋ አቤሴሎምም ወንድሙን አምኖንን ካስገደለ በኋላ ሸሽቶ ሦስት ዓመት የተቀመጠው በጌሹር፣ በአያቱ ዘንድ ነው። 

ስለ ሐዋርያት ዘመን ግን ማስረጃው አነስተኛ ነው። የሮማውያን ዘመን የሆኑ ጥቂት ቤቶች ተገኝተዋል። በአንደኛው ቤት የእርሳስ መረብ ማጥለቂያዎችና መልሕቆች ስለ ተገኙ «የዓሣ አጥማጁ ቤት» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ደግሞም ራሚ አራቭ ቤተ ጣዖት ነው የሚለው አንድ ሕንፃ አለ፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን ይህን አልተቀበሉም። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ፊልጶስ ከተማ አድርጎ በንጉሣውያን ስም ከሰየማት፣ የዚያች ከተማ አደባባይ፣ መታጠቢያ ቤት፣ የሚያምር ሕንፃ የት አለ?

የርቀቱንም ጥያቄ በሚመለከት የኤት ቴል ቆፋሪዎች ከምድር ጥናት ሊቃውንት ጋር ሆነው መልስ ሰጥተዋል። የዮርዳኖስ ወንዝ በየዘመኑ ብዙ ደለል እያመጣ ዳርቻውን ወደ ደቡብ ገፍቶታል፤ የምድር መናወጥም መልክአ ምድሩን ለውጦታል፤ በሐዋርያት ዘመን ግን ውኃው እስከ ጉብታው ግርጌ ይደርስ ነበር ይላሉ። ወንዝ ደለል ሲያመጣ የባሕር ዳር እንደሚርቅ የታወቀ ስለ ሆነ ይህ የማይታሰብ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ሁሉም አልተስማሙበትም።

4ኛ/ ሁለተኛው ተወዳዳሪ፦ ኤል አራጅ

ከ2016 ጀምሮ መርደካይ አቪያምና ስቲቨን ኖትሊ የሚመሩት የቁፋሮ ቡድን በባሕሩ ዳር ባለው በኤል አራጅ ሥራ ጀመረ። በ2017 ከባይዛንታይኑ ዘመን ወለል ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሮማውያን ዘመን ንብርብር ተገኘ። በዚያም ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሸክላ ስብርባሪዎች፣ በኔሮን ቄሣር ዘመን በ65 ወይም በ66 የተመታ የብር ገንዘብ፣ የሮማውያን የመታጠቢያ ቤት ምልክቶችም ወጡ። መታጠቢያ ቤት በተራ መንደር የሚሠራ አይደለም፤ የከተማ ኑሮ ምልክት ነው።

ይህ ግኝት አንድ ሌላ አሳብም አናወጠ። ከዚያ በፊት ኤል አራጅ በሐዋርያት ዘመን ከባሕሩ ውኃ በታች ነበረች፤ ስለዚህ ሰው ሊኖርባት አይችልም ይባል ነበር። አሁን የተገኘው የሮማውያን ወለል ግን ከውቅያኖስ ወለል 211 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ሰዎች በዚያ ከፍታ ቤት ሠርተው ከኖሩ፣ የባሕሩ ውኃ በዘመኑ ከዚያ ዝቅ ያለ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በዚሁ ስፍራ ታላቅ የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ተገኘ። ወለሉ በሞዛይክ፣ ማለትም ባለ ቀለም ጥቃቅን ጠጠሮች እየተሰኩ በሚሠራ ጌጥ ያማረ ነው። በ2022 በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ በግሪክኛ የተጻፈ ጽሑፍ ተነበበ። ጽሑፉ ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ የሚል ቆስጠንጢኖስ የተባለ ሰው ለሥራው መስጠቱን ይገልጻል፤ የሰማያውያን ሐዋርያት አለቃ ተብሎ የተጠራውንም ሐዋርያ ምልጃ ይለምናል። እኛም ሊቀ ሐዋርያት የምንለው ማንን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቆፋሪዎቹም ይህ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው ብለዋል።

ይህ ነገር ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ጋር ይገናኛል። በ725 ገደማ ወደ ቅድስት አገር የተጓዘውና በኋላ በጀርመን አገር ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ቪሊባልድ፣ ከቅፍርናሆም ተነሥቶ ወደ ቤተ ሳይዳ እንደ መጣ፣ በዚያም የጴጥሮስና የእንድርያስ ቤት በነበረበት ስፍራ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተሠራ ተናግሯል። ከዚያም ወደ ኮራዚ ሄዷል። ይህ ቤተ ክርስቲያን የት እንደ ነበረ ለብዙ ዘመን አልታወቀም ነበር። በኤት ቴል ቤተ ክርስቲያን አልተገኘም፤ በኤል አራጅ ግን ተገኝቷል።

5ኛ/ ማስረጃውን እንዴት እንመዝን?

አሁን ሁለቱን ወገኖች ከሰማን በኋላ ፍርድ ለመስጠት አንቸኩል። አንድን ማስረጃ ከመቀበላችን በፊት የሚከተሉትን ነገሮች እንጠይቅ።

ሀ/ ማስረጃው የየትኛው ዘመን ነው? የኤት ቴል በር እጅግ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከሐዋርያት ዘመን ሰባት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። የበሩ ትልቅነት ስለ ጌሹር ይመሰክራል እንጂ ስለ ጴጥሮስ መንደር ምንም አይነግረንም። እንዲሁም የኤል አራጅ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት ዘመን ከ400 ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ በቀጥታ የሚመሰክረው በዚያን ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች ቤተ ሳይዳ ይህች ናት ብለው ማመናቸውን ነው። እምነታቸው ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እውነተኛ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ግን ትዝታ በመካከሉ ሊቋረጥና በኋላ ሊገመት እንደሚችልም መርሳት አይገባም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ ከበታቹ ያለው የ1ኛው መቶ ዓመት ቅሪት የበለጠ ክብደት አለው።

ለ/ ያልተገኘ ነገር ምን ያስረዳል? በ1987 በኤል አራጅ የሮማውያን ቅሪት ስላልተገኘ ብዙዎች የለም ብለው ነበር። በኋላ ግን ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። አንድ ነገር አልተገኘም ማለትና የለም ማለት አንድ አይደለም። ይህ ግን ለሁለቱም ወገን ይሠራል። ነገ በኤት ቴል ባልተቆፈረው ክፍል ሌላ ነገር ሊገኝ ይችላል።

ሐ/ ስም ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራልን? አዎን፤ ይዛወራል። ኢያሪኮን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የብሉይ ኪዳን ኢያሪኮ የነበረችው ቴል ኤስ ሱልጣን በሚባለው ጉብታ ላይ ነው። ታላቁ ሄሮድስ ቤተ መንግሥቱን የሠራባት የሐዲስ ኪዳን ዘመን ኢያሪኮ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ራቅ ብላ በወንዝ ዳር ነበረች። የዛሬይቱ ከተማ ደግሞ በሌላ ቦታ ናት። ስሙ አንድ ነው፤ ስፍራው ግን ሦስት ነው። ሰው ውኃና መንገድ ተከትሎ ይሄዳል፤ ስሙንም ተሸክሞ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ስናስተያይ፣ ለእኛ የሚመስለን እንደሚከተለው ነው። ኤት ቴል የጌሹር ነገሥታት ከተማ መሆንዋ ጠንካራ መሠረት አለው፤ ይህም የሐዲስ ኪዳን ክርክር ወዴትም ቢያዘነብል የሚናጋ አይደለም። የዓሣ አጥማጆቹ ቤተ ሳይዳ ግን በባሕሩ ዳር በኤል አራጅ ነበረች የሚለው አሳብ ዛሬ ሚዛን ይደፋል። ባሕሩ አለ፤ ወንዙ አለ፤ የፍላቪዩስ ዮሴፍ ፈረስ የሰመጠበትን የመሰለ ረግረግ አለ፤ የሮማውያን ዘመን ኑሮ አለ፤ የጥንት ክርስቲያኖችም ትዝታ አለ። ሆኖም የስሙ ጽሑፍ፣ ማለትም «ይህች ቤተ ሳይዳ ናት» ወይም «ይህች ዩልያስ ናት» የሚል የ1ኛው መቶ ዓመት ድንጋይ በአንዱም ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ «ይመስላል» ማለት ይገባናል፤ «ተረጋገጠ» ማለት አይገባንም።

6ኛ/ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ስንውል ሁለት ዓይነት ድምፅ እንሰማለን። አንደኛው፦ «የሐዋርያቱ ከተማ እንኳ የት እንደ ነበረች አይታወቅም፤ እንግዲያውስ ወንጌሉ እንዴት ይታመናል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከራሳችን ወገን የሚነሣ ነው። አንድ የጥንት ጽሑፍ ተገኘ ሲባል፦ «ይኸው! መጽሐፍ ቅዱስ በሳይንስ ተረጋገጠ!» እያለ ይጮኻል።

ለመጀመሪያው እንዲህ እንመልሳለን። ወንድማችን ሆይ፣ ቤተ ሳይዳ መኖርዋን ማንም አልካደም። ከወንጌል ውጭ የሆኑ የአይሁድና የሮማ ጸሐፊዎች መስክረውላታል። ክርክሩ ሁሉ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ቦታዎች መካከል ነው። ከሁለቱ በአንዱ ነበረች ማለት አልነበረችም ማለት አይደለም። ቦታዋ የጠፋው ደግሞ ተረት ስለ ሆነች ሳይሆን ወንዙ ደለል ስላለበሳት፣ ሕዝብዋም ስለ ተበተነ ነው።

ለሁለተኛው ወንድማችንም በፍቅር እንነግረዋለን። እምነታችንን በአንድ ድንጋይ ላይ ብንሰቅለው፣ የሚመጣው ዓመት ቁፋሮ ሌላ ድንጋይ ባወጣ ጊዜ ከድንጋዩ ጋር ይወድቃል። ቁፋሮ ሊነግረን የሚችለው ሰዎች የት እንደ ኖሩ፣ ምን እንደ በሉ፣ በምን መረብ እንዳጠመዱ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ወንጌሉን ስናነብ ባሕሩና መንደሩ በዓይነ ልቡናችን እንዲታየን ያደርጋል። ዕውሩ ማየቱን ግን በአፈር ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ ቆፋሪ የለም። ያንን የምናውቀው ከምስክሮቹ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱን በሥራቸው እናክብራቸው፤ ያላሉትን ግን አናስብላቸው። ለእምነታችን የሚጠቅም መስሎን ማስረጃን ከልክ በላይ ብናሳድግ ሐሰት መናገራችን ነው። እግዚአብሔር ደግሞ የእኛን ሐሰት የሚፈልግ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጌታችን ተግሣጽ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው፣ ጌታችን ኮራዚንና ቤተ ሳይዳን የገሠጻቸው በእነርሱ የተደረገው ተአምራት በጢሮስና በሲዶና ቢደረግ ኖሮ እነዚያ የአሕዛብ ከተሞች ንስሐ በገቡ ነበር በማለት ነው። የቤተ ሳይዳ ሰዎች «ቤተ ሳይዳ የት ናት?» ብለው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ በውስጥዋ ይኖሩ ነበር። የጌታን ፊት አይተዋል፤ ቃሉን ከአፉ ሰምተዋል፤ ከመካከላቸውም ሦስት ሐዋርያት ወጥተዋል። ቅድስት ቦታ ላይ መኖራቸው ግን አላዳናቸውም። እኛም በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተወልደን፣ ቅዳሴ እየሰማን፣ በየሳምንቱ ትምህርት እየተማርን ሕይወታችን ካልተለወጠ ወዮታው ለእኛም ነው። ብዙ የሰማ ሰው ብዙ ይጠየቃልና።

እስቲ የዚያን ዕውር ታሪክ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ደግማችሁ አንብቡ። ጌታችን እጁን ይዞ ከመንደሩ ወደ ውጭ አወጣው። መጀመሪያ ሲዳሰስ ሰዎችን አየ፤ ነገር ግን እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ነው ያያቸው። ያየውንም እንዳየ ተናገረ፤ ከዚያ ያለፈ አልተናገረም። ሁለተኛም ጌታ እጁን በዓይኖቹ ላይ በጫነ ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አየ። ስለ ጥንት ቦታዎች ያለን እውቀት ዛሬ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ነው። እናያለን፤ አጥርተን ግን አላየንም። ያ ሰው ዛፍ የመሰለውን «ሰው ነው፤ ፊቱንም ለይቻለሁ» ብሎ ቢዋሽ ኖሮ ሁለተኛውን መዳሰስ ባልጠበቀ ነበር። እንግዲህ ተማሪ የሆንን ሁላችን ያየነውን ያህል ብቻ እየተናገርን፣ የቀረውን በትዕግሥት እየጠበቅን እንማር።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. የኢየሩሳሌሟ መጠመቂያና የገሊላዋ ከተማ በምን ይለያያሉ? ከወንጌል ምዕራፎቹን ጠቅሳችሁ አስረዱ።
2. ማርቆስ «መንደር» ሉቃስ ደግሞ «ከተማ» ማለታቸውን የፍላቪዩስ ዮሴፍ ታሪክ እንዴት ያስታርቀዋል?
3. ከኤት ቴልና ከኤል አራጅ ማስረጃዎች መካከል ለሐዋርያት ዘመን በቀጥታ የሚመሰክሩት የትኞቹ ናቸው?
4. ቤተ ሳይዳ ከጢሮስና ከሲዶና ይልቅ የተወቀሰችው ስለ ምንድር ነው? ይህስ ለእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ምን ይላል?

አምላካችን እግዚአብሔር የምናየውን አጥርተን የምናይበትን ልቡና፣ የሰማነውን የምንፈጽምበትን ኃይል ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።